ጉድጓዱ የታመመበት ክረምት

ሰኞ 3

ይህ የልጄ የአምና የሂሳብ ደብተር ነው። ግማሹ ባዶ ስለነበር "እማዬ አንቺ ጻፊበት" ብላ ሰጠችኝ። ምን እንደምጽፍበት እንጃ። ለሰው የማልነግረውን ልጻፍበት።

ዝናቡ ከጀመረ ሳምንቱ። ከቤታችን እስከ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው። ስምንቱን የመጸዳጃ ክፍል ጠዋት አጠብኩ፤ በጭቃ እግራቸው ገቡበት፤ እንደገና አጠብኩ። በውሃና በመጥረጊያ ብቻ። ሥራ የጀመርኩ ቀን ዋርሳዬ ያስያዘኝ ሕግ ይኸው ነው። "እቴ፣ በረኪና የሚባል ነገር እዚህ ግቢ እንዳይገባ። ይሄ ጉድጓድ ሆድ አለው። ቆሻሻውን ፈጭተው ጋዝ የሚያደርጉልን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። በረኪና ከነካቸው አለቀ።"

ዋርሳዬ የሟች ባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ግንበኛ ነው። ጉድጓዱን ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ በእጁ የሠራው እሱ ነው፤ የሚጠብቀውም እሱ። ሰፈሩ "ኢንጂነር" ይለዋል፤ ግማሹ ለቀልድ፣ ግማሹ ከልቡ። የመንደሩ ሰው የሚጠቀምበት መጸዳጃ በሙሉ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል፤ ጋዙ ደግሞ በቧንቧ ወደ ጋራ ማብሰያ ቤቱ ይሄዳል። ስድስት ምድጃ አለ፤ ሴቶቹ በተራ ያበስላሉ። መጀመሪያ ሲሠራ "በእንትን እሳት የበሰለ አፌ አይገባም" ያላለ አልነበረም። አሁን ለተራ ይተናነቃሉ። አይ የሰው ነገር።

ረቡዕ 5

የሻይ ሻጯ ሕፃን ካረፈ ዛሬ አምስት ቀኑ። ተቅማጥ ነው፤ በሁለት ቀን ወሰደው። በእሷና በእኔ ቤት መካከል ያለው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ ስታለቅስ እሰማለሁ።

ዛሬ ማብሰያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ስትናገር ሰማኋት። "ከሽንት ቤቱ ነው የያዘው። በውሃ ብቻ ታጥቦ ምኑ ይጸዳል?" መኖሬን አላወቀችም። ወይም አውቃለች።

እኔን! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል ቀዶ ጥገና ክፍል ያጸዳሁትን! ሐኪሞቹ "አንቺ ያጠብሽው ወለል ላይ ምግብ ይበላል" ይሉኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ እህል አልወረደልኝም።

ዓርብ 7

ልጄን ሆዷን አመማት። ሦስቴ ወጣች።

ቅዳሜ 8

ዛሬ ስድስቴ። ከጤና ጣቢያው በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጡኝ። ዓይኗ ጎደጎደ። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዛሬ ሳቅፋት የአራት ዓመት ልጅ ያህል ቀለለችኝ። ይህችን ካጣሁ

አልጽፈውም።

እሑድ 9

ከአልጋው ሥር ነጩን ጀሪካን አወጣሁት። ከሆስፒታል ስለቅ ይዤ የወጣሁት በረኪና ነው፤ ሁለት ጀሪካን። ስምንቱንም ክፍል አጠብኩበት። ለዛሬ ብቻ ነው። ለአንድ ክፍል አንድ ክዳን። ቤት የሚያህል ጉድጓድ በክዳን ምን ይሆናል?

ያ ሽታ ሲነሳ እንባዬ መጣ። ጽዳት ማለት እንዲህ ነው እንጂ።

ማክሰኞ 11

እሰይ! ልጄ ተሻላት። ሾርባ ጠጣች። "አጎቴ የት ሄደ?" አለች። ዋርሳዬ የቧንቧ ዕቃ ፍለጋ ከወጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እሷና እሱ የራሳቸው ጨዋታ አላቸው። በዕቃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ቀይ ውሃ ያለበት የመስታወት ቱቦ ተሰቅሏል። ጉድጓዱ ውስጥ ጋዙ ሲበዛ ውሃው ከፍ ይላል፤ ሲያንስ ዝቅ ይላል። ዋርሳዬ በየጠዋቱ ውሃው የደረሰበት ላይ ግድግዳውን በምስማር ይጭረዋል፤ ልጄ ጭረቶቹን ትቆጥርለታለች። ዛሬ ልቁጠር ብላ ተነሳች፤ አስተኛኋት።

ክፍሎቹን ደገምኳቸው። በክዳን ሳይሆን በኩባያ። አንዴ ከጀመሩ አይቀር፤ ግማሽ ጽዳት ጽዳት አይደለም።

ዓርብ 14

ሊቀመንበሯ ዛሬ "ጎሽ! ጽዳቱ ከደጅ ይሸታል" አሉኝ። ሴቶቹ ለማብሰያ ቤቱ የመረጧቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ምስጋና ከእሳቸው አፍ በዓመት አንዴ ነው የሚወጣው። ሻይ ሻጯም ገብታ ወጣች፤ ምንም አላለችም። ከእሷ ይኸውም ምስጋና ነው።

በየቀኑ ነው የማጥበው። አንድም ሕፃን አልታመመም። ይኼን ማንም አይጽፍልኝም፤ እኔው ልጻፈው።

ሰኞ 17

ጠዋት የተጣደ ባቄላ ቀትር ድረስ አልበሰለም። ሰማያዊ የነበረው እሳት ቢጫ ሆኖ ይልፈሰፈሳል። ዝናቡ ነው ይላሉ፤ ጉድጓዱ ብርድ አይወድም። እኔም ዝናቡ ነው እላለሁ።

ሐሙስ 20

ዋርሳዬ ከተመለሰ ወዲህ ከጉድጓዱ አጠገብ አልጠፋም። የጉድጓዱን መቀላቀያ እጀታ ሲያዞር ዋለ። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ከትናንቱ ጭረት አንድ ጣት ወርዷል። ከትናንት ወዲያው ደግሞ ሁለት።

ከሰዓት በኋላ ቆሻሻው በሚገባበት በኩል በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲያሸት አየሁት። ቆየ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ወደ እኔ መጣ።

"እቴ፣ እኔ በሌለሁበት አዲስ ነገር ነበር?"

"ምን አዲስ ነገር አለ፤ ዝናብ ነው።"

ቀሚሴን አየ። ጥቁሩ ቀሚሴ ጫፉ አካባቢ ነጣ ነጣ ብሏል፤ አርጅቶ ነው።

"ልጅቷስ?"

"ድናለች፤ ፈጣሪ ይመስገን።"

"ዋናው እሱ ነው" አለና ሄደ።

ምን ለማለት ፈልጎ ነው? ሰው እንዲህ ሲል ደስ አይለኝም። የሆዱን አይናገርም፤ እንደ ወንድሙ ነው።

ዓርብ 21

የሚነደው ሁለት ምድጃ ብቻ። ጩኸት። አንዷ የሌላዋን ድስት አወረደች። በየቤታቸው እርጥብ እንጨት የሚያነዱ አሉ፤ ጭሱ በቆርቆሮው መሃል ይገባል። ልጄ ስታስል አደረች።

እሑድ 23

ወይ ጉድ። ሻይ ሻጯ በዋርሳዬ ቤት ጀርባ ጥቁር የጎማ ቧንቧ አየሁ ብላ ማብሰያ ቤቱን አተራመሰችው። ጎማው በአጥሩ ሥር አድርጎ ወደ ዳቦ ቤቱ ይሄዳል አለች። "ጋዛችን የት እንደሚገባ ታወቀ! ኢንጂነሩ ለዳቦ ቤቱ ይሸጠዋል!"

ጎማው የጣሪያውን የዝናብ ውሃ ወደ ቦዩ የሚያወርድበት ነው። ባለፈው ክረምት ሲዘረጋው ጫፉን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ልናገር ብዬ ተነሳሁ። ከዚያ አንዷ "ታዲያ ምን ነካው ጋዙን?" ብትለኝስ ብዬ ተቀመጥኩ።

እነሱ ራሳቸው ይደርሱበታል። ሄደው ቢያዩት ውሃ ነው የሚወርድበት።

ማክሰኞ 25

የመጀመሪያው ጀሪካን አለቀ። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ አሮጌ ቆርቆሮ የተከመረበት ሥር ከተትኩት። ሁለተኛውን ከፈትኩ። ዛሬ ኩባያውን በግማሽ አደረግኩት፤ ቀስ በቀስ እቀንሳለሁ። በአንዴ ብተወው በሽታው ቢመለስስ?

ነገ ስብሰባ አለ። የጉድጓዱን ወጪ የከፈለው ፕሮጀክት ሰውም ይመጣል።

ረቡዕ 26

ቀን የሆነውን አሁን ሲመሽ ነው የምጽፈው። 

ማብሰያ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። ሴቶቹ አግዳሚው ላይ፣ እኔ በሩ አጠገብ፣ ዋርሳዬ መሃል ቆሞ። ወንበር ነበር፤ ተቀመጥ ያለው የለም። የፕሮጀክቱ ሰው ከጫማው ላይ ጭቃ እየፋቀ "ጉልላቱን አይቻለሁ፤ ስንጥቅ የለውም፤ ቧንቧውም አያፈስም" አለ። "ሰዉ መጸዳጃውን እንደ ወትሮው እየተጠቀመ ነው። ስለዚህ ጋዙ ይመረታል ማለት ነው፤ ከተመረተና እዚህ ካልደረሰ መሃል ላይ የሚወስደው አለ" አለ። እንዲህ አድርጎ ሲያስቀምጠው እኔ ራሴ ላምነው ምንም አልቀረኝ።

ሊቀመንበሯ "አንተ ምን ትላለህ?" አሉት። ስሙንም "ኢንጂነር"ንም አልጠሩም።

"ጉድጓዱ ታሟል" አለ።

ሳቁበት። አንዷ "እንክብል ይሰጠዋ!" አለች፤ ሳቁ ባሰ። እሱም ትንሽ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታው አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም።

"ማን አሳመመው?" አሉት ሊቀመንበሯ።

ዝም አለ። ወደ እኔ አላየም። እንዲያይ አልፈለግኩም፤ ባለማየቱ ደግሞ አንጀቴ ተቃጠለ። ጎማውን ሲጠይቁት የዝናብ ውሃ ማውረጃ ነው አለ። ሻይ ሻጯ ከወዲያ "አዎ፣ እኛ ደግሞ ሕፃናት ነን!" ብላ ጮኸች።

ከዚያ ሊቀመንበሯ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ ዘመዱ እንደሆንሽ እናውቃለን፤ ግን ሐቀኛ ነሽ። ቀኑን ሙሉ እዚያው ነሽ። ያየሽው ነገር አለ?"

ስድሳ ሰው ያየኛል። አፌን ከፈትኩ። ልጄ በመስኮቱ በኩል ቆማ ታየኛለች። ሥራዬን አሰብኩ፤ ቤቱን አሰብኩ፤ በሽታውን አሰብኩ። ሁሉን አሰብኩ፤ እሱን ብቻ አላሰብኩም።

"እኔ አላውቅም" አልኩ።

አላየሁም ብል ኖሮ ይሻል ነበር። አላውቅም ማለት፣ ዘመዴ ነውና አልናገርም ማለት ሆኖ ነው የተሰማቸው። ሲተያዩ አየኋቸው። የፕሮጀክቱ ሰው ጻፈ።

ሐሙስ 27

ትናንት እዚያው ስብሰባው ላይ ከእሱ የተቀበሉትን የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ዛሬ ለእኔ ሰጡኝ። ተቀበልኩ። ምን በወጣኝ ተቀበልኩ!

የግንብ ዕቃውን በጆንያ አሥሮ ሊሰናበተን መጣ። ሌላ ከተማ የፎቅ ሥራ አለ አለ። ልጄ እግሩን አቅፋ አልለቅም አለች። "ጭረቱን ማን ይጭራል?" አለችው። "አንቺ" ብሎ ምስማሩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

እኔን "በይ እቴ፣ ራስሽን ጠብቂ" አለኝ። "አንተም" አልኩት።  አሥራ ሁለት ዓመት ወንድም የሆነኝን ሰው በአንድ ቃል ሸኘሁት።

እሑድ 30

በረኪናው አለቀ። ከዛሬ ጀምሮ በውሃና በመጥረጊያ ብቻ።

ሐሙስ 4፣ አዲስ ወር

ከላይ ያለውን አነበብኩት። "አለቀ" ነው የሚለው። ተውኩት አይልም። ቢኖር ኖሮ ዛሬም እጨምር ነበር ማለት ነው። ሰውዬውን አስወጥቼም።

ለማን ነው የምደብቀው? ደብተር ነው። ጉድጓዱን ገደልኩት፣ በቃ። ሥራ የጀመርኩ ቀን ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁም አይባልም። እያንዳንዷን ኩባያ ስደፋ አውቄ ነው።

ግን ልጄስ? ለልጄ ብዬ አይደል? ዛሬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ለሳሏ። ነርሷን ስለዚያ ተቅማጥ ጠየቅኳት። "ያኔ ብዙ ልጅ መጣ። ከወንዙ የተቀዳ ውሃ ነው። አፍልታችሁ አጠጡ ብለን ነበር እኮ" አለችኝ። ዝናቡ የውሃውን ቧንቧ ከሰበረው ወዲህ ሁላችንም ከወንዙ ነበር የምንቀዳው። እኔም። በገዛ እጄ ነው ልጄን ያጠጣኋት።

ረቡዕ 10

ልጄ በዕቃ ክፍሉ መስኮት አይታ ሮጣ መጣች። "እማዬ፣ ውሃው ወጣ! አንድ ጣት!"

ማክሰኞ 16

አራት ምድጃ ነደደ። ሰማያዊ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ደስ ሊለኝ ሲል ሻይ ሻጯ እጇን ጉልበቷ ላይ መትታ፣ "አያችሁ? ሰውዬው ሲሄድ እሳቱ መጣ! ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጋላችሁ?" አለች።

ሁሉም "እውነት ነው" አሉ። እውነት ይመስላል እኮ! እኔ ባላውቅ እኔም እውነት ነው እል ነበር። መድፋቴን በዝምታ ስተው፣ ጉድጓዱ በዝምታ ሲድን፣ የሌብነቱ ማስረጃ ያ ሆነ። ያዳንኩትም ያጠፋሁትም እሱን ነው የሚያስወነጅለው።

ሊቀመንበሯ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ሐሙስ 18

ሊቀመንበሯ ቤት ሄድኩ። ልነግራቸው ነበር። ሻይ አቀረቡልኝ፤ የልጃቸውን ሠርግ ፎቶ አሳዩኝ። ተመለስኩ።

ቅዳሜ 20

ስድስቱም ምድጃ ይነዳል።

እሑድ 21

ዛሬ የዕቃ ክፍሉን ላጽዳ ብዬ ገባሁ። ቁልፉ ከእኔ ጋር ከሆነ ወር ሊሞላው ነው፤ ከደጃፉ አልፌ አላውቅም ነበር። ግድግዳው ላይ የእሱ ጭረቶች አሉ፤ ከዚያ እየወረዱ፣ እየወረዱ፤ ከዚያ ማንም ያልጫረበት ባዶ ቦታ። መጥረጊያ ይዤ ከሲሚንቶ ጆንያው ጀርባ ስገባ አንድ ነገር ነካኝ። ጆንያ የለበሰ። ገለጥኩት።

የእኔ ጀሪካን ነው። ቆርቆሮው ሥር የከተትኩት። ታጥቧል። የሆስፒታሉ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተልጧል፤ በምስማር፣ ቀስ ተደርጎ፣ አንድም ፊደል እስከማይቀር።

ማክሰኞ ከተትኩት፤ ረቡዕ ስብሰባው ላይ ቁልፉን ተቀበሉት። ከስብሰባው በፊት ነው እዚህ ያስገባው። እዚያ ሲቆም፣ ሲሳቅበት፣ "ማን አሳመመው?" ሲሉት፣ ያውቅ ነበር። ሊያሳያቸው ይችል ነበር። እኔ "አላውቅም" ስል እሱ ጀሪካኔን ደብቆልኝ ነበር።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባሌ ሲሞት እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም።

ሰኞ 22

አደረግኩት።

ቀትር ላይ፣ ስድስቱም ምድጃ ሲነድ፣ ሁሉም እዚያው ሳሉ ገባሁ። ጀሪካኑን ባቄላ በሚለቀምበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። "ይሄ የኔ ነው" አልኳቸው። "በረኪና ነው። ጉድጓዱን ያሳመምኩት እኔ ነኝ። ማንም ጋዝ አልወሰደም። እሱ አውቆ ዝም ያለው ለእኔና ለልጄ ብሎ ነው።"

 ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ሻይ ሻጯ ተነሳች። የማንቆርቆሪያዋን እሳት ቀነሰች። "ጎማው ውሃ ነበረበት" አለች ቀስ ብላ። "ያየሁ ለታ ውሃ ይወርድበት ነበር። ልጄን ከቀበርኩ ወር አልሞላኝም ነበር፤ የምጮህበት ሰው ፈልጌ ነው።" ከዚያ ተቀመጠች። 

ሊቀመንበሯ እጃቸውን ዘረጉ። "ቁልፉን አምጪ" አሉኝ። "መጥረጊያውንም አኑሪው። ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።"

ሰጠኋቸው። ልክ ናቸው።

ረቡዕ 24

ዛሬ ደወልኩለት። ከበስተጀርባው መዶሻ ይሰማል። ለሴቶቹ መናገሬን ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ስሙ ጸዳ አይደል?

ተቆጥቶኝ አያውቅም፤ ተቆጣ።

"ማን ንገሪ አለሽ?"

"እንዴት ዝም ልበል? ሌባ ብለውህ!"

"እኔ አንድ ነፍስ ነኝ፣ እቴ። ሌባ ቢሉኝ ድንጋይ የሚያስጠርበኝ አላጣም። ተሸክሜው ነበር እኮ፤ ሌላ ምንም ባላደርግልሽ እሱን እንኳ ላደርግልሽ ብዬ። አሁን ልጅቷ ምን ትበላለች?"

 ሥራ እየፈለግኩ መሆኑን ነገርኩት። ዛሬ ሁለት ቦታ ጠይቄ ነበር፤ ሁለቱም ቦታ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ይኼንን አልነገርኩትም።

"ተመለስ። እነሱም ይፈልጉሃል፤ ሊቀመንበሯ ጠይቀውኛል" አልኩት። ይህ ውሸት ነው። አልጠየቁኝም።

"ሲያልቅ እናያለን" አለ። ምኑ ሲያልቅ እንደሆነ አልነገረኝም። ከዚያ ድምፁ ትንሽ ለስለስ አለ። "ውሃውስ የት ደረሰ?"

"አላውቅም" አልኩት። ያቺ ቃል እንደገና። "ቁልፉን ተቀብለውኛል።"

ልጄ አጠገቤ ቆማ ስትሰማ ነበር። ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

"አጎቴ! እኔ በመስኮቱ አያለሁ! ከላይኛው ጭረትህ አልፏል፤ ሁለት ጣት! እኔ በውጭ በኩል ግድግዳው ላይ ጫርኩልህ፤ ምስማሩ አለኝ። መቼ ነው የምትመጣው?"

መልሱን አልሰማሁም። ስልኩን መልሳልኝ፣ ምስማሩን ከኪሷ አውጥታ፣ ለሚመጣ ሰው እንደሚያኖሩት፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው።